ማስተካከያ፦ ለስልክና ለላፕቶፕ አንድ ካቻቢቴ አይበቃም

ለባሕር ዳር የሞባይል ጥገና ጀማሪዎች ቀደም ሲል በወጣው ምክር «ፒኤች 00 ባለ መስቀል ካቻቢቴ ካለ የትኛውም ስልክና ላፕቶፕ ይከፈታል» ተብሎ ነበር። ትክክል አይደለም። ፒኤች የመስቀል ካቻቢቴ መጠን መለያ ነው፤ ዜሮው በበዛ ቁጥር ጫፉ ያንሳል።

በአይፎን ቻርጀር መሰኪያ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ብሎኖች የሚፈቱት ባለ አምስት ጫፍ በሆነው 0.8 ሚሊሜትር ፔንታሎብ ነው። ከአይፎን 7 ወዲህ ውስጡ ባለ ሦስት ክንፉን ዋይ 000ም ይፈልጋል። የስልክ ውስጥ መስቀል ብሎኖች በብዛት ፒኤች 000፣ የላፕቶፕ የታች ክዳን ደግሞ ፒኤች 0 ወይም 1 ናቸው። ያነሰ ካቻቢቴ መስቀሉን ስለማይሞላ ኃይሉ ጠርዙ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ብሎኑ የሚፋቀውም ለዚህ ነው። ጫፉን አስገብተው ሳይጠመዝዙ ያነቃንቁት፤ ከተወዛወዘ ቁጥሩን ይቀይሩ።

ሲገዙ እጀታው ላይ «ክሮም ቫናዲየም» (የብረት ዓይነት) መባሉን ብቻ አይመኑ፤ ማንም ሊያትመው ይችላል። ኤስ2 የተባለው ጠንካራ የመሣሪያ ብረት ለትንንሽ ጫፍ የተሻለ ነው። ጫፉን በማጉያ መነጽር ይዩት፦ አራቱ ክንፎች እኩል፣ ጠርዛቸው ያልዶለዶመ፣ ቅባቸው ያልተላጠ ይሁን። የእጀታው ራስ ለብቻው የሚሽከረከር ካልሆነ በአንድ ጣት ተጭኖ በሌሎቹ ማዞር ያስቸግራል።

ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ ውሃ የገባበት ስልክ ቆይቶ ከመጣ ብሎኑ ዝጎ ይሆናል። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ለመፍታት አይታገሉ፤ ወደታች አጥብቀው ተጭነው መጀመሪያ በጥቂቱ ወደ ማጥበቂያው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው ያዙሩት።