ሞተሩን ያዳመጠ ስፔሻሊቲውን አወቀ

የሕክምና ተማሪዎች ሳያስቡ ስፔሻሊቲ (የሚካኑበትን የሕክምና ዘርፍ) ይመርጣሉ የሚል ካለ ሐረር ይምጣና አፉን ይያዝ። እነዚህ ልጆች የሚያስቡትን ያህል ሹሞቻችን ቢያስቡ የት በደረስን!

ዘዴያቸው ሳይንሳዊ ነው። በሽተኛ ሲመረመር መጀመሪያ በዓይን ይታያል፣ ይዳሰሳል፣ በጣት መታ መታ ይደረጋል፣ ከዚያ ይደመጣል። ቅደም ተከተሉን አላዛነፉም። የሚመረመረው ብቻ የሲኒየሩ፣ የሚያስተምራቸው ስፔሻሊስት ሐኪም፣ መኪና ሆኗል። በሽተኞችን እየዞሩ ካዩ (ከራውንድ) በኋላ ወጣ ይሉና ሞዴሉን ያያሉ። ቀለሙን ዳበስ፣ ጎማውን መታ መታ ያደርጋሉ። ሞተሩ ሲነሳም ጆሯቸውን ይጥላሉ። ምንም ድምፅ ከሌለው (ኤሌክትሪክ ነዋ!) ምርመራው አለቀ፤ ባለቤቱ ራዲዮሎጂስት፣ ማለትም የራጅና የመሳሰሉት ምስሎች አንባቢ ሐኪም ነው። እያሳለ የሚነሳ ቪትዝ ከሆነ የሕፃናት ሐኪም ነው፤ ነፍስ ይማር።

ራዲዮሎጂ የሚመርጡት በሽተኛ ስለማይወዱ ነው ማለት ስም ማጥፋት ነው። ይወዱታል። በጥቁርና ነጭ ነው የሚወዱት። ፊልም ላይ ያለ በሽተኛ «ዶክተርዬ፣ ልጄ ለምን አይበላም?» ብሎ ጋዎን አይጎትትም።

ደርማስ፣ የቆዳ ሕክምናው? ብጉር ሰውን በሌሊት ከእንቅልፉ አይቀሰቅስም፤ ሲነጋ ገንዘቡን ይዞ ይመጣል። ከሐረር ወደ ባቢሌ አቅጣጫ ቢሲዲሞ የሚባል፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ተብሎ የተቋቋመ ሆስፒታል አለ። ለቆዳ ይህን ያህል ፍቅር ካለ ሠልፉ እዚያ በር ላይ በታየ ነበር። ግን ልጆቹ ብልህ ናቸው። ቆዳም ቆዳ አለው፤ እነሱ የመረጡት ሌዘር የሚያርፍበትን ነው።

ድሬዎችም እንዳትሰጉ። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ የሚባል የትንኝ ትኩሳት ድሬዳዋ ገባብን። በ2011 መጨረሻ ሌላው የትንኝ በሽታ፣ ቺኩንጉኒያ፣ ስንቱን አንጋለለው። በ2014 ደግሞ በበጋ ወባ ተነሳ። አስተላላፊዋ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ ናት፤ ረግረግ አትፈልግም፣ የውኃ ታንከርና በርሜል ይበቃታል። ገጠር አልመደብም ብላ ከተማ የገባች ትንኝ! የኛ ልጆች ሊያደንቋት ይገባል። እሷን የሚከታተል ሐኪም ግን ከየት ይምጣ? የትንኝ በሽታ የግል ክሊኒክ አያስከፍትም።

እርግጥ በመንግሥት ሐኪም ደሞዝ ላይ ሆነህ ሕፃናት ምረጥ ማለት ለተመልካች ይቀላል። እኔም ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ማኪያቶ ይዤ ነው የምመክረው።

ደግሞ ውሳኔው የተማሪው ብቻ አይደለም፤ ቤተሰብ አለ። አንድ የድሬዳዋ ሰብያን ሰፈር ልጅ ሳይካትሪ ልመርጥ ነው ብሎ አፉ አመለጠው። በርጫው ተቋረጠ። አጎቱ ጫቱን አስቀመጠ። «አንተ! ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርከው ከእብድ ጋር ልትውል ነው?» እናቱ «ማን ልጁን ይድርልሃል?» ብላ አለቀሰች። ልጁም አስተዋይ ነው፤ በማግስቱ ራዲዮሎጂ አለ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ።

አሁን ለምን መረጥከው ሲሉት፣ ዓይኑን ሳያሽ «ከልጅነቴ ጀምሮ ኤምአርአይ ይማርከኝ ነበር» ይላል። ጎረቤቱ ነኝ። በልጅነቱ ሲማርከው የማውቀው ብይ ነው።