ወንዙን ለምን አላሻገርነውም?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። በሰፈራችን አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ተቀብሯል። የገደለው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እኔ ግን ከውሻው ይልቅ የምናደደው በእኛ ነው።

ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ውሻ ጉንጩን ነከሰው። ውሻው ለሃጩን እያዝረበረበ ያገኘውን ሁሉ ሲለክፍ የዋለ፣ ሰፈርተኛው በዱላ ያሳደደው ስለሆነ አላወቅንም ማለት አንችልም። እናቱ አዝላው ወደ ጤና ጣቢያ ልትሮጥ ስትል ከበቧት። "መርፌ ከተወጋማ አለቀለት" አላት አንዱ። "የሀበሻ መድኃኒት እያለ ምን ያንከራትትሻል?" አለቻት ሌላዋ። ቁስሉን በሳሙና ያጠበለት ሰው እንኳ አልነበረም። አንድ መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ተወሰደና የእንዶድ ሥር ተወቅጦ በወተት ተሰጠው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው አደረ። ይሄኔ ሁሉም እፎይ አለ፤ "መርዙ ወጣለት" ተባለ። አርባ ቀን ወንዝ እንዳይሻገርም ታዘዘ። ጤና ጣቢያው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው!

ወር ሳይሞላው ጉንጩን ያሳክከው ጀመር። ቀጥሎ ትኩሳት መጣ። ከዚያ ውሃ ሲያቀርቡለት ጉሮሮው ይታነቃል፣ ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል፤ በር ተከፍቶ ነፋስ ሲገባ እንኳ ይጮህ ነበር። ወንዙን የተሻገርነው ያን ጊዜ ነው። ሐኪሙ እናቱን ቀና ብሎ ማየት አቃተው፤ ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውምና።

እኛ ደግሞ ለቅሶ ቤት ተቀምጠን "ቀኑ ደርሶ ነው" ተባባልን። የምን ቀን? ቀኑንስ እኛው አይደለንም ወይ ያቀረብንለት?

እንዶድን እየሰደብኩ አይደለም። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበት ተክል ነው። ተመራማሪው ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው፣ በቀንድ አውጣ በኩል ለሚተላለፈው ለቢልሃርዚያ በሽታ መከላከያ እንደሚሆን የደረሱበት። እንግዲህ ቀንድ አውጣ የሚፈጀውን ነገር ነው ሕፃን ሆድ ውስጥ የጨመርነው። ማስመለሱ መርዝ መውጣቱ አልነበረም፤ እንዶዱ ራሱ ሆዱን እያቃጠለው ነበር። የእብድ ውሻ ቫይረስ ሆድ ውስጥ አይቀመጥም። ከቁስሉ ተነስቶ በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል፤ ከጉንጭ እስከ አንጎል ደግሞ መንገዱ አጭር ነው።

"እገሌ ድኖበት የለም ወይ?" ትሉኛላችሁ። እገሌን የነከሰው ውሻ እብድ መሆኑን ማን መረመረ? እብድ ውሻ የነከሰውም ሰው ቢሆን ሁሉም አይታመምም። ሳይታመም የቀረው በየቡናው ይመሰክራል፤ ይህ ልጅ ግን መጥቶ አይመሰክርባችሁም።

እባካችሁ፣ ሰው ሲነከስ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ክትባቱ እዚያ ከሌለ የት እንደሚገኝ ጠይቃችሁ ሂዱ። አንዴ ተወግቶ ተሻለኝ ብሎ እንዳይቀር ቀጠሮውን አስጨርሱት። ቁስሉ ፊት ላይ ወይም ጥልቅ ከሆነ ከክትባቱ ሌላ ሴረም (ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ ተጨማሪ መርፌ) ያስፈልገው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ።

ደክሞኛል፤ ይህን ስናገር የመጀመሪያዬ አይደለም። ግን አንዲት መድኃኒት አዋቂ እናት አውቃለሁ። ለምች ዳማከሴ ይሰጣሉ፣ ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም ያውቃሉ። ውሻ የነከሰው ሰው ሲመጣባቸው ግን "ልጄ፣ ይሄ የእኔ አይደለም፤ መጀመሪያ ክትባትህን ጨርስ" ብለው በር ላይ ይመልሱታል። በየሰፈሩ ያላችሁ አዋቂዎች፣ እንደ እሳቸው መልሱልን። እናንተን ነው የምንሰማው።