ከባለቤቱ በቀር ሁሉም ዘንድ

የዓለም መሐንዲሶች «ያልተማከለ ድር፣ ማለትም በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ያልወደቀ ኢንተርኔት እንሠራለን፤ ሰው በገዛ ዳታው ላይ ያዛል» እያሉ ዓመታት ሲደክሙ፣ ደብረ ብርሃን መናኸሪያው ጥግ ያለችው ሞባይል ቤት ግማሹን ሥራ ከጨረሰች ቆየች። አንድ ሰርቨር ሳትገዛ፣ አንድ መስመር ኮድ ሳትጽፍ። እስካሁን በወጉ ያመሰገናት የለምና ዛሬ እናመስግናት።

አሠራሩ ቀላል ነው። እማማ አዲስ ስልካቸውን ይዘው ይገባሉ።

«ልጄ፣ እስቲ ይቺን ነገር አስተካክልልኝ።»

«ኢሜይል አለዎት እማማ?»

«ምኑን?»

«ይሁን፣ እከፍትልዎታለሁ። ፓስወርዱን ምን ላድርግልዎ?»

«እኔ ምኑን አውቄው፤ አንተ ደስ ያለህን።»

ልጁን ደስ የሚለው ደግሞ አምናም ዘንድሮም አንድ ነው፦ የደንበኛው ስም፣ ከኋላው 1234። ከዚያ ባለ 50 ሉክ ደብተሩን ገልጦ ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ ኢሜይልና ፓስወርድ በአራት ዓምድ ያሰፍራል፤ ዓምዶቹ በማስመሪያ የተሰመሩ ናቸው፣ ሥራው ላይ ንጹሕ ልጅ ነው። መታወቂያቸውንም በራሱ ስልክ ፎቶ ያነሳል፣ «ለማንኛውም»። እማማ መርቀውት ይወጣሉ። ደብተሩ እዚያው ይቀራል።

መሐንዲሶቹን እንቅልፍ የሚነሳቸው አንዱ ጉዳይ የቅጂ ብዛት ነው። አንድ ፋይል ሦስት ኮምፒውተር ላይ ቢቀመጥና እያንዳንዱ ከአሥር ቀን አንዱን ቢጠፋ፣ ሦስቱም አንድ ላይ የሚጠፉበት ዕድል ከሺህ አንድ ነው። ይህ የሚሠራው ግን አንዱ የሚጠፋበት ምክንያት ሌላውን ካልነካው ነው፤ ሦስቱንም አንድ ሰፈር አስቀምጦ መብራት ከሄደ ስሌቱም አብሮ ይሄዳል። ሦስት ቅጂ ደግሞ ሦስት እጥፍ ቦታ ይበላል። ስለዚህ ብልሆቹ ፋይሉን ስድስት ላይ ይከፍሉና አራት ተጨማሪ ቁራጭ በሒሳብ ያወጡለታል፤ ከአሥሩ የትኞቹም ስድስት ከተገኙ ፋይሉ ይመለሳል፣ የሚበላውም ቦታ ከሁለት እጥፍ በታች ነው።

እኛ እንዲህ ያለ ንፍገት አናውቅም። የእማማ መታወቂያ ሙሉውን፣ ሳይቆራረጥ፣ ሞባይል ቤቱ ልጅ ስልክ ውስጥ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ «ኒው ፎልደር 7» ውስጥ አለ። ካርድ የሚያትመው ልጅ ቴሌግራም ላይ አለ፤ «ኮድ ይመጣልዎታል፣ ያንብቡልኝ» ብሎ በተቀበላቸው የማረጋገጫ ኮድ ያወረደው ነው። የልጃቸው ልጅ ደግሞ እንዳይጠፋ ብሎ 214 አባላት ያሉት የሰፈር ግሩፕ ላይ ለጥፎታል። ደብረ ብርሃን መብራት ቢጠፋ ሸዋ ሮቢት ያለ አባል ያወጣዋል፤ መሐል ሜዳ ኔትወርክ ቢሄድ አዲስ አበባ ያለው ይደርሳል። ቅጂ የሌለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ እማማ ዘንድ። የሳቸው ከቀሚሳቸው ኪስ ጋር ታጥቧል።

የመሐንዲሶቹ ሁለተኛው ራስ ምታት ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ድርን የጠነሰሰው ቲም በርነርስ ሊ፣ ድሩ አድጎ የጥቂት ኩባንያዎች ጎተራ ሲሆን አይቶ ሶሊድ የሚባል ነገር ጀመረ። ዳታህ «ፖድ» በሚባል የራስህ ጎታ ውስጥ ይቀመጣል፤ መተግበሪያው ሊጠቀምበት ሲፈልግ ያንኳኳል። ፈቃዱም በአራት የተከፈለ ነው፦ ማንበብ፣ መጻፍ፣ ያለውን ሳይነኩ መጨመር፣ እና ፈቃድ የመስጠትና የመንሳት ሥልጣን። የመጨረሻው ዋናው ቁልፍ ስለሆነ ለማንም በዘፈቀደ አይሰጥም። ሰውዬው መናኸሪያው ጋ ቢመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ማሰብ ባላስፈለገው። እኛ አራቱንም በአንድ ትንፋሽ እንሰጣለን፤ «ያው ያንተው ነው» የሚል ሐረግ አለን።

ስለ ስረዛማ ባናነሳ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2018 የድር መመዘኛ ሆኖ የጸደቀው አክቲቪቲፐብ፣ ማስቶዶንን በመሳሰሉ ማኅበራዊ መገናኛዎች ያሉ ብዙ ትናንሽ ሰርቨሮች እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ጽሑፍህ ተከታዮችህ ባሉባቸው ሰርቨሮች ሁሉ ይገለበጣል። «ሰርዝ» ስትል ለሁሉም መልእክት ይሄዳል፤ ያኛው ሰርቨር ግን አልሰማም ካለ የሚያስገድደው የለም፣ ልመና ነው። መሐንዲሶቹ ይህን ጉድለት ይሉታል። ግሩፑ ላይ «ያንን መታወቂያ አጥፉልኝ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን 40 የሳቅ ምልክት ያገኛል፤ ቢያንስ መልስ አለ።

የምናደንቀው ሦስተኛው ነገር የቁልፍ አያያዛችን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ባልተማከለው ድር፣ በተለይ የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳ በሆነው ክሪፕቶ ዋሌት፣ «ፓስወርዴን ረሳሁ» የሚባል በር ብዙ ጊዜ የለም፣ ማንኳኳት የሚቻልበት ቢሮ የለማ። ቁልፉ ብዙውን ጊዜ ከ2048 ቃላት መዝገብ በዕጣ የወጡ 12 ወይም 24 ቃላት ነው። ቃላቱ ከጠፉ ሁሉም ጠፋ፤ ሌላ ሰው ካያቸው ደግሞ ሁሉም የሱ ሆነ። ለዚህም አዲ ሻሚር የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 መላ አውጥቶለታል፦ ምስጢሩን አምስት ላይ ክፈለው፣ ሦስቱ ሲገናኙ ይከፈታል፣ ሁለቱ ብቻቸውን ግን ቅንጣት አያውቁም። አንድን ለእህት፣ አንድን ለንስሐ አባት፣ አንድን ለሣጥን። የዕድር ሣጥን በሦስት ቁልፍ ቆልፎ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ካልተገናኙ የማይከፍት ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻውም።

ግን ያ ለዕድር ብር ነው። ለራስ ስም እንዲህ ያለ ጣጣ ምን ያደርጋል?

መንዞችም እንዲሁ ሣር ላይ ነው የጨከኑት። ጓሳ የሚባለውን የጋራ ሣር ምድራቸውን ለዘመናት የጠበቁት ከላይ የተሾመባቸው ዘበኛ ስለነበረ ሳይሆን ቄሮ የሚባል የቆየ የጋራ አስተዳደር ሥርዓት ስለነበራቸው ነው፦ ባለ መብቱ የታወቀ፣ መሪው ከራሳቸው የተመረጠ፣ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ ሣሩ ሲደርስ በተቆረጠለት ቀን ብቻ የሚከፈት፣ ቀድሞ የገባ የሚቀጣበት። ማዕከል የለም ማለት ሕግ የለም ማለት እንዳልሆነ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ንድፍ የለም። ለክዳን ሣር ይህን ያህል ከተጠበቀ መታወቂያ ቢበተን ምን አለበት፤ መታወቂያ ጣራ አይከድንም።

ይህን የመሰለ ሥርዓት የሚያፈርሱ ጥቂት አፍራሾች መኖራቸው ያሳዝናል። ቴሌግራማቸው ሴቲንግ ውስጥ ገብተው «ዲቫይስስ» የሚለውን ይከፍቱና የሞባይል ቤቱን ኮምፒውተር ጨምሮ ከእጃቸው ስልክ ሌላ ያለውን ሁሉ ያስወጣሉ። ሁለተኛ ደረጃ ፓስወርድ ራሳቸው ጽፈው ያስገባሉ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። የመታወቂያ ኮፒያቸው ላይ በሰያፍ «ለሲም ካርድ ማውጫ ብቻ» ብለው ቀን ይጽፋሉ፣ ፊደሉ ፎቶውን እንዲነካ አድርገው፤ እንዲያ ያለ ኮፒ ለሌላ ጉዳይ ማዋል ከባድ ነው። ይባስ ብለው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ይጠቅሳሉ፤ ለአንድ ጉዳይ የተሰጠ ዳታ ለዚያው ጉዳይ ይዋል ይላል እያሉ። ባለ ፎቶ ኮፒው «ሰውዬው ምን ደብቆ ነው?» ቢል አይፈረድበትም።

ሞባይል ቤቱ ግን ወደፊት እየሄደ ነው። ልጁ በዚህ ሰሞን ለአንዳንድ ወጣቶች የክሪፕቶ ዋሌት መክፈት ጀምሯል። 12ቱ ቃላት አንድ ዓምድ ስለማይበቃቸው ደብተሩ ላይ አምስተኛ ዓምድ አሰምሯል፣ ሰፋ ያለ።

አሮጌው ደብተር ሞልቷል። የት ሄደ ያለ ሰው መናኸሪያው በር ላይ ወርዶ የገብስ ቆሎ ይግዛ፤ ሴትየዋ በምትጠቀልልበት ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አለ፣ በማስመሪያ የተሰመረ።