የ26 ረድፍ ሊቃውንት

ሰሞኑን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ጠዋት ሰው ወደ ሥራ በሚገባበት ሰዓት፣ አንዱ ሽቅብ አንዱ ቁልቁል የሚሄዱ ሁለት መኪኖች መሃል አስፋልት ላይ መስኮት ለመስኮት ገጥመው ቆሙ። ለሰላምታ ቢሆን ማንም አይቀየምም፤ የድሬ ሰው ሰላም ሳይባባል አይተላለፍም። ሰላምታው ግን አልቆ ነበር። የቀጠለው ትናንት በርጫ ላይ ሳይቋጭ ያደረው ክርክር ነው፦ በአውራ ጎዳና ሎስ አንጀለስ ይበልጣል ወይስ ሂውስተን? ከኋላ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ብሎኬት የጫነው አይሱዙ ተሰልፎ ክላክሱን ያምባርቃል። እነሱ ምን ገዷቸው! አንደኛው ክንዱን በመስኮት አውጥቶ፣ ጣት ከጣት በላይ እያሳለፈ፣ ባለ አራት ፎቅ ማሳለጫ ይሠራል።

እንግዲህ ምስጋና ለሚገባው ይሰጥ። ያለችውን አንዲት መንገድ ዘግቶ የሌላውን ዓለም መንገድ የሚመረምር ሊቅ ያለው ከተማ ስንት አለ?

ጉባኤው የታወቀ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፍራሹ ይነጠፋል፣ ገራባው ይከመራል፣ ዓለም በየተራ ትቀርባለች። አንዱ የአጎቱ ልጅ ሚኒሶታ ስላለ የአሜሪካ ዘርፍ ኃላፊ ነው። ሌላው ለሸቀጥ ዱባይ ደርሶ መጥቷል፤ ያየው የዴራን መጋዘን ቢሆንም ሼክ ዛይድ ጎዳናን ከነመውጫዎቹ ይተነትናል። ሦስተኛው የትም አልሄደም፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ ያውቃል። ስልኩ ላይ የሳተላይት ካርታ ከፍቶ በሁለት ጣት እያሰፋ ረድፍ ይቆጥራል። የመንገድ ጥራት መለኪያው እሷ ብቻ ናት፤ የረድፍ ብዛት።

በዚህ መለኪያ ሂውስተን ያለውን ኬቲ ፍሪዌይን የሚደርስበት የለም። 26 ረድፍ!

ለክብራቸው ስንል እስቲ ይህን 26 ረድፍ ድሬዳዋ እናምጣው። የአሜሪካ አውራ ጎዳና አንድ ረድፍ 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሳንቲም ግድም ነው። በ26 ሲባዛ 95 ሜትር ይሆናል፤ የዳር መቆሚያውና የመሃል አካፋዩ ሳይጨመር። ከዚራ ውስጥ 95 ሜትር ለማግኘት ጥላ ዛፎቹ ይሄዳሉ፣ የግቢ አጥሮቹ ይሄዳሉ፣ ጁስ ቤቱ ይሄዳል፣ በርጫ የሚቃምበት ቤት ራሱ አምስተኛው ረድፍ ላይ ይወድቃል። ይሁን፣ ለልማት ነው። አሁን ባጃጅ እንልቀቅበት። የባጃጅ ወርድ 1 ሜትር ከ30 ስለሆነ ጎን ለጎን 73 ይሰለፋል። ለጨዋነት በየመሃሉ 30 ሳንቲም ብንተው 59 ይሆናል። ግን የእኛ ባጃጅ 30 ሳንቲም ክፍተት አይቶ ዝም አይልም፤ የፊት ጎማውን ያስገባና የቀረውን በድርድር ይጨርሳል። ስለዚህ 73ቱን እንያዝ። 73 ባጃጅ በአንድ መስመር ወደ መጋላ ሲተም! ሂውስተን ምን ታያለች? ይኼኔ ቀኝ ጠርዝ ላይ አንዲት እናት ዘንቢላቸውን ይዘው እጃቸውን ያነሳሉ። ግራ ጠርዝ ላይ ያለው 73ኛው ባጃጅ ያያቸዋል። ፍሬቻ አያሳይም፤ ፍሬቻ ምስጢር ማባከን ነው። 72 ባጃጅ አቋርጦ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። ያያቸው ግን እሱ ብቻ አይደለም፤ 73ቱም አይተዋል፣ 73ቱም ወደ ቀኝ ይጠመዘዛሉ። 25 ረድፍ ባዶውን ቀርቶ ጠርዙ ላይ 73 ባጃጅ ተቆላልፏል። እናታችን «ቀፊራ በስንት?» ይላሉ። ዋጋው አልተስማማቸውም፤ በእግራቸው ሄዱ።

ጉባኤው ይህን ቁጥር ሲያነሳ ሁለት ነገር ይዘላል። 26 የሚሞላው በአንዳንድ ቦታ ብቻ፣ ያውም በግራና በቀኝ ያሉት አጃቢ መንገዶችና የክፍያ ረድፎች ተቆጥረው ነው። ይህ ይቅር። መንገዱ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በልቶ እ.ኤ.አ. 2008 ሰፍቶ አለቀ። ከ2011 እስከ 2014 ባለው ጊዜ የጠዋቱ ጉዞ በ30 በመቶ፣ የማታው በ55 በመቶ ረዘመ። መንገድ ሲሰፋ ሩቅ ሰፈር መኖር ይቀላል፤ በሌላ ሰዓት ይወጣ የነበረው በዋናው ሰዓት ይወጣል፤ መኪና ያልነበረው ይገዛል፤ ትርፉ ረድፍ በጥቂት ዓመት ይሞላል። ይህ የተነገረው ሊቅ ግን መልስ አያጣም፦ «ታዲያ 40 ማድረግ ነበረባቸዋ፣ አቦ!»

አንድ ረድፍ በደህና ቀን በሰዓት ከ2,000 በላይ መኪና ያሳልፋል። ከአቅሙ ሲያልፍ ፍሰቱ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም አብዛኛውን ጊዜ መግቢያው አጠገብ ነው። አሥር መኪና ተያይዞ ሲገባ ውስጥ ያለው ፍሬን ይነካል፣ ተከታዩ ጠንከር አድርጎ ይረግጣል፣ ግማሽ ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ያለው ምክንያቱን ሳያውቅ ጭራሽ ይቆማል። ለዚህ ነው መግቢያው ላይ መብራት ተክለው መኪናውን አንድ በአንድ የሚለቁት። የሚኒሶታው የአጎት ልጅ መብራቱን ሳያውቀው አይቀርም፤ ለዘመዱ ግን አልነገረውም። «ያስቆመናል» የሚለው ቅሬታ በዝቶ እ.ኤ.አ. 2000 በዚያው ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማና አካባቢው 430 ያህል መብራቶች ለሳምንታት ጠፉ። የሚያልፈው መኪና በ9 በመቶ ቀነሰ፣ የጉዞው ጊዜ በ22 በመቶ ረዘመ፣ አደጋው በ26 በመቶ ጨመረ። ለ26 እንዲህ ያለ ፍቅር ያለው ጉባኤ ይህችኛዋን 26 እንዴት እንደዘለላት እንጃ።

የቅርብ ጊዜው ግኝት ደግሞ ከተማችንን የሚያቋርጠው አሸዋማው ወንዝ፣ ደቻቱ ነው። «ይህን የሚያህል ቦታ አሸዋ ይዞት ተኝቷል፤ በኮንክሪት ተከድኖ ኤክስፕረስ ዌይ ቢሆንስ?» ሴኡል ይህንኑ አድርጋዋለች። ቾንግጌቾን የሚባለውን ወንዟን ከድና በላዩ ከፍ ያለ ጎዳና አቆመች፤ እ.ኤ.አ. 2003 ማፍረስ ጀመረች፤ 2005 ላይ ውሃው ተገልጦ ሰው ዳር ዳሩን ይንሸራሸር ጀመር።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቁም። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው በላ። ሰዎቹ ቤታቸው ተኝተው ነበር፤ ጎርፉ ከደጋው ወርዶ ነው የደረሰባቸው። ያን አሸዋ ባዶ ቦታ ነው የሚል ሰው ማፈር አለበት። ባዶ አይደለም፤ የውሃው መንገድ ነው፤ ውሃው ደግሞ ሲመጣ ቀጠሮ አይዝም። ይህን ሐሳብ የሚያመነጨው አፍስ ሲበቃው ገራባውንና ፌስታሉን ጠቅልሎ የት ነው የሚጥለው? እዚያው ነው።

ወደ ምስጋናው እንመለስ። ደጃችን ላይ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ፣ 220 ኪሎ ሜትር የክፍያ መንገድ አለ፤ አሜሪካ ስላልሆነ ውድድሩ ውስጥ አልገባም። ጀርመን ግን ገብታለች፤ የሚያነሳትም ሁልጊዜ ሹፌር ነው። «እዚያ እኮ የፍጥነት ገደብ የለም!» እውነት ነው፣ ብዙ ቦታ የለም፤ የሚመከረው 130 ነው። በቀኝ መቅደም ግን ክልክል ነው። ያለ ምክንያት መቆምም ክልክል ነው፤ ነዳጅ አልቆብህ ብትቆም እንኳ ጥፋቱ ያንተው ነው፣ ትቀጣለህ። ባጃጁን በአንድ ጎኑ አጋድሞ የመጨረሻዋን የቤንዚን ጠብታ ለሚለምነው ወገናችን ይህን ደፍሮ የነገረው የለም።

ሹፌሩ ትምህርቱን የሚሰጠው ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ነው፤ ድንች ጭኖ፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ነፃ አድርጎ። በሁለተኛ የሚወጣውን ዳገት በሁለተኛ መውረድ የፈሪ ነው። ሞተሩ ስለማይዘው ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ጥቂት መታጠፊያ እንዳለፈ ታምቡሩ ይግላል፣ የፍሬን ሸራው ይነዳል፣ ፔዳሉ ወደ ወለሉ ይሰምጣል። ሽታውን ቀድሞ የሚሰማው ረዳቱ ነው፤ ታኮውን ታቅፎ በሩን በአንድ እጁ ይዟል። ሹፌሩ ግን ከፍራንክፈርት ተነስቶ ገና ሙኒክ አልደረሰም።