ቅጠል አፍልታችሁ አንቲባዮቲክ ለምታቋርጡ

እረ ወገን ተዉ እንጂ! አንዱ "ይሄ ቅጠል አንቲባዮቲክን ያስንቃል" ብሎ ቪዲዮ ይለቃል፣ ሌላው ሳያጣራ "ስንት ማንኪያ?" ይላል፣ ስንት ማንኪያ እንደሆነ የለቀቀውም አያውቅም እኮ።

እፅዋትና ነፍሳት ባክቴሪያ አይገድሉም አላልኩም፣ ይገድላሉ። ነፍሳት እንደኛ አንቲቦዲ (ጀርምን ለይቶ የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) የላቸውም፣ ግን ብስባሽ ውስጥ እየኖሩ በኢንፌክሽን አያልቁም፣ ለምን ቢባል ሰውነታቸው የባክቴሪያን ሽፋን የሚበሱ ትንንሽ ፕሮቲኖች ያመርታል። ስዊድን ውስጥ የተመራማሪው የሃንስ ቦማን ቡድን በ1981 (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ ናቸው) ከነዚህ ፕሮቲኖች ሴክሮፒን የሚባለውን ከእሳት እራት ሙሽሬ (እጩ ወደ ክንፋም ሲለወጥ ካለው ደረጃ) ለይቶ አሳውቋል። ይኸው ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፣ የሴክሮፒን ክኒን ግን ፋርማሲ ሄዳችሁ አታገኙም። ሆድ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጨዋላ! ስለዚህ ነፍሳት አድርቆ ፈጭቶ የዋጠ ሰው በላ እንጂ አልታከመም። ላብራቶሪ ሳህን ላይማ በረኪናም ባክቴሪያ ይገድላል።

የቅጠሉ ነገር ደግሞ ይብሳል። ቻይናዊቷ ሳይንቲስት ቱ ዩዩ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበትን የወባ መድኃኒት አርቴሚሲኒንን አርቴሚሲያ ከሚባለው ተክል ያወጣችው ቅጠሉን በማፍላት አይደለም፣ ሙቀቱ መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ጠርጥራ በኢተር (በዝቅተኛ ሙቀት የሚፈላ ማሟሚያ ፈሳሽ) በዝቅተኛ ሙቀት ነው ያወጣችው፣ እናንተ ግን ድስት ትጥዳላችሁ። ሻዩ ውስጥ የሚቀረው መጠን ትንሽ ነው፣ ትንሽ መጠን ደግሞ የወባውን ጥገኛ ተህዋሲ ሳይጨርስ ከመድኃኒቱ ጋር ያለማምደዋል። "ተፈጥሮ ነው አይጎዳም" የምትሉ አሪስቶሎኪያ የሚባለውን ተክል ጠይቁ፣ የስንቱን ኩላሊት ጨርሶ ካንሰር አስከትሏል።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የታዘዘለትን አንቲባዮቲክ በ2ኛው ቀን "ተሻለኝ" ብሎ አቁሞ ወደ ቅጠሉ የሚሄደው ነው፣ የተረፈውን ክኒን ደግሞ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ደግ ሰው መስሎት። መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ በዓለም 1.27 ሚሊዮን ሰው በቀጥታ እንደገደሉ ተገምቷል፣ በየቤቱ የሚደረገው እንዲህ ያለ ነገርም ለመላመዱ ያግዛል።

አንተ ደግሞ ቅጠሉን ከጀመርክ ለሐኪምህ ንገረው፣ ክኒኑን ሊያዳክምብህ ወይም ሊያጠነክርብህ ይችላልና ማወቅ አለበት። ቢቆጣህም ቻለው።