ሥዕል ገዢው የሚመጣው ቤት ድረስ ነው
«ሰዓሊ ያለ ኤግዚቢሽን ሥራው አይሸጥም» የሚለው አልተዋጠልኝም። የምስለው ባሕር ዳር ነው። ኤግዚቢሽን ያሳየሁት 2 ጊዜ ብቻ ሲሆን የአዳራሽ ኪራይና የፍሬም ወጪ ትርፌን ጠራርጎ በላው። የምሸጠው ቤቴ ነው። ሰው ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ሁሉ እየገለበጠ ያያል። ዓይኑ የሚያርፈው ደግሞ ያልጨረስኩት ላይ ነው! «ሰዓሊዎች ሐሳብ ከየት ታመጣላችሁ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፣ ጣና ሐይቅ ላይ ወዳለው ዘጌ ሂድ። እዚያ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን መቅደስ ሥዕል ጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። ቀለሙ በተላጠበት በኩል ጠጋ ብለህ እይ፣ ጨርቁ ብቅ ይላል። በዚህ ዓይነቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ ሰው በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሳላል። ከዚያ በተመለስኩ ቁጥር ሳምንት ሙሉ ብሩሽ ከእጄ አይወርድም።