የጉፕቲል ውርወራ ወይስ የቦልት ተረከዝ?

ሁለቱም የአዲስ አበባ ዳርቻ ሰዎች ናቸው። አንዱ ገላን ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው፤ እሁድ እሁድ የሰፈር ኳስ ይዳኛል። ሌላው ቡራዩ የሚኖሩ ጡረተኛ የሒሳብ መምህር ናቸው። ልጁ ክሪኬትን የለመደው ከፋብሪካው ሕንዳዊ መካኒክ ነው። ጋሼ ደግሞ በንጉሡ ዘመን ካስተማሯቸው ሕንዳዊ መምህር። የሚከራከሩት ሐምሌ 7 ቀን 2011 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ እንግሊዝና ኒውዚላንድ ስለተጫወቱት የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ጨዋታውን ያዞረችው ቅጽበት የትኛዋ ናት?

የገላኑ፦ ክሪኬት ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ገናን አስቡ፣ ሩሯን በዱላ መምታት አለ አይደል? እዚህ መቺው ተጋጣሚ የወረወረለትን ኳስ መትቶ ከጓደኛው ጋር ቦታ ለመቀያየር ይሮጣል። አንዴ ከተቀያየሩ 1 ነጥብ ነው። ኳሷ መሬት ነክታ ጠርዙን ካለፈች 4፣ ሳታርፍ ካለፈች 6። ሳታርፍ በእጅ ከተያዘች መቺው ይወጣል። ሯጩ ሳይደርስ ኳሷ የቦታውን እንጨቶች ከመታችም እንዲሁ። በቃ፣ ለዛሬ ይበቃናል።

ኒውዚላንድ 241 አስቆጥራለች። እንግሊዝ 6 ውርወራ ሲቀራት ለማሸነፍ 15 ነጥብ ጎድሏታል። የእንግሊዙ ቤን ስቶክስ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ምንም አላገኘም፣ ሦስተኛዋን 6 አደረጋት። አራተኛዋን መታና ሮጠ። ለሁለተኛው ነጥብ ሲመለስ ለመድረስ ብሎ ተወረወረ። በዚያው ቅጽበት የኒውዚላንዱ ማርቲን ጉፕቲል ከሩቅ የወረወራት ኳስ የስቶክስን ዱላ ነካች፤ አቅጣጫ ቀይራ ጠርዙን አለፈች። 2 የነበረው የጠርዙ 4 ተጨምሮበት 6 ሆነ። ስቶክስ ራሱ እጁን አንስቶ ይቅርታ ጠየቀ።

የሚያበሳጨኝ ግን ሌላ ነው። ሕጉ እንደ ጉፕቲል ያለው ተከላካይ ኳሷን ሲወረውር ሁለቱ ሯጮች ገና ካልተላለፉ ያ ሩጫ አይቆጠርም ይላል። አልተላለፉም ነበር። ስለዚህ 5 እንጂ 6 አይደለም። ቀጣዩን ውርወራ የሚጠብቀውም ስቶክስ ሳይሆን አብሮት የሚሮጠው አዲል ራሺድ ይሆን ነበር። ዳኛው ኩማር ዳርማሴና ኋላ ስህተቱን አምኗል። ጨዋታው 241 ለ 241 አለቀ። አቻ ስለሆኑ ለየቡድኑ የተሰጠው ተጨማሪ 6 ውርወራም 15 ለ 15። ከዚያ ጠርዝ ያሳለፉት ኳስ ተቆጠረና 26 ለ 17 በሚል ዋንጫው ለእንግሊዝ ተሰጠ። ይህንን ሕግ ከ3 ወር በኋላ ያወጡት ራሳቸው ጣሉት። ታዲያ በ1 ነጥብ ስህተት ዋንጫ አልሄደም?

የቡራዩ፦ ልጄ፣ አንተ መጨረሻ ያየኸውን ይዘህ ነው የምትጮኸው። እስቲ ጥቂት ወደ ኋላ ተመለስ። ከዚያች ኳስ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ስቶክስ ወደ ላይ መታ፤ የኒውዚላንዱ ትሬንት ቦልት ጠርዙ ላይ ቆሞ በእጁ ያዛት። ስቶክስ አለቀለት ስንል የቦልት ተረከዝ የጠርዙን ገመድ ረገጠ። 6 ነጥብ! ጉፕቲል እኮ አጠገቡ ነበር፤ ቦልት ገመዱን ሳይረግጥ ኳሷን ቢያቀብለው ስቶክስ ወጥቶ ነበር። ያንተ ኳስም አትፈጠርም ነበር።

አሁንም ወደ ኋላ። እያንዳንዱ ቡድን የዳኛውን ውሳኔ «በቪዲዮ ይታይልን» የሚልበት አንድ ዕድል ነበረው። ጉፕቲል ገና በጠዋቱ ለራሱ ተጠቅሞ አባከነው። በኋላ የኒውዚላንዱ ሮስ ቴይለር 15 ነጥብ ላይ ሳለ «እግርህ ባያግዳት ኳሷ ከኋላህ ያሉትን እንጨቶች ትመታ ነበር፣ ወጥተሃል» ተባለ። በቪዲዮ ሲታይ ኳሷ እንጨቶቹን የምትስት ነበረች። ግን በምን ይጠይቅ? ያኔ ማንም አልጮኸም። ለእኔ ጨዋታው የዞረው እዚያ ነው።

ደግሞ የሒሳብ መምህር ነኝና ልቆጣህ። «5 ቢሆን ኖሮ» ስትል የቀሩትን ሁለት ኳሶች እንዳሉ ታስቀምጣለህ። በ2 ኳስ 4 ሲፈለግ እንግሊዝ ሌላ አጨዋወት ትጫወት ነበር። ራሺድ 4 ቢመታስ?

የገላኑ፦ የቴይለርን ነገር አላውቅም ነበር። መካኒኩን ጠየቅኩት፣ «ልክ ናቸው» አለኝ። ግን ጋሼ፣ እርስዎ የቆጠሩልኝ የራሳቸው ጥፋት ነው። ቦልት እግሩን አላየም፣ ጉፕቲል ዕድሉን አባከነ። ውርወራው ግን ጥሩ ነበር! ጥሩ የሠራ ሰው ነው የተቀጣው። ያው እጅ ከ4 ቀን በፊት የሕንዱን መቺ ዶኒን በአንድ ውርወራ አስወጥቶ ሕንድን ከግማሽ ፍጻሜ አሰናብቷል። መካኒኩ እስካሁን ሲያየው ፊቱ ይጠቁራል። የፍጻሜውን ሲያስታውስ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለው፣ ይስቃል።

የቡራዩ፦ ተጨማሪው ውርወራ ላይ፣ በመጨረሻዋ ኳስ 2 ነጥብ ሲፈለግ ሮጦ ያልደረሰው ማን ነበር? ያው ጉፕቲል! እሱንም ዕድል በለው። ይልቅ አንተ፣ እሁድ ኳሷ የአህያ እግር ነክታ ጎል ስትገባ ምን አደረግህ?

የገላኑ፦ ፊሽካ ነፋሁ፣ ጎሉን ሻርኩ። ሕጉ ነዋ፤ አህያዋ ተጫዋች አይደለችም።

የቡራዩ፦ ስቶክስስ?

የገላኑ፦ እሱማ ተጫዋች ነው... እሺ፣ 4ቱን ልቀበል። አንዷን ግን አልቀበልም፣ 5 ነው! በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ሊሉኝ እንደሆነም አውቃለሁ። ቆይ ግን ጋሼ፣ የአህያዋን ነገር ቡራዩ ድረስ ማን ነገረዎት?